የ11ኛ ክፍል የግል ፕሮጀክት፦ ቫይታሚን ሲን ያለ ቡሬት መለካትና ሪፖርቱን መጻፍ

የኬሚስትሪ ተማሪ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ11ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ፤ ትምህርት ቤቴ ፒያሳ አካባቢ ነው። የኬሚስትሪ መምህራችን እያንዳንዳችን ለየብቻችን አንድ ጥያቄ መርጠን፣ ለክተን፣ በ6 ሳምንት ውስጥ ሪፖርት እንድናስገባና ክፍል ፊት እንድናቀርብ አዘዋል። እኔ ያሰብኩት በጁስ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ ሲቆይ እንዴት እንደሚቀንስ ማየት ነው። የብርቱካን፣ የማንጎ፣ የፓፓያና የዘይቱን ጁስ ወዲያው፣ ከዚያም ከ1፣ ከ2 እና ከ3 ሰዓት በኋላ፣ ፍሪጅ ውስጥና ውጭ አስቀምጬ ለመለካት ነው።

ላባችን ውስጥ ቢከርና የሙከራ ቱቦ እንጂ ፈሳሽ ጠብታ በጠብታ እየለቀቀ የሚለካው ቡሬት የለም፣ ቫይታሚን ሲ የሚለካበት የአዮዲን ኬሚካልም አልቋል። ያለ እነሱ መለካት ይቻላል? ርዕሱስ እንዴት ነው? ውጤቱ ከጠበቅኩት ውጭ ቢሆን ሪፖርቱ ላይ ምን ብዬ እጽፋለሁ? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

ቤተ ሙከራ

እህቴ፣ መለካቱ ይቻላል። መስተካከል ያለበት ርዕሱ ነው።

መጀመሪያ ብዛቱን ቁጠሪው። 4 ፍራፍሬ በ4 ሰዓት በ2 ቦታ ሲሆን ወደ 30 ናሙና ይጠጋል፤ እያንዳንዱ 3 ጊዜ ሲደገም ደግሞ 90 ልኬት ነው፣ ያውም ሰዓት ጠብቆ። አንድ ሰው ብቻውን አይደርስበትም። ከብዛቱ የባሰው ግን ሌላ ነው። እንደ ብርቱካን ያለ ጎምዛዛ ጁስ ውስጥ ያለው አሲድ ቫይታሚን ሲን ይጠብቀዋል፣ በ3 ሰዓት የሚጠፋው ጥቂት ነው። በቡሬት ፋንታ በሲሪንጅ የምትለኪው ደግሞ 2 ወይም 3 በመቶ ወዲያና ወዲህ ማለቱ አይቀርም። የምትፈልጊው ለውጥ ከመለኪያሽ ስህተት ካነሰ፣ ወር ሙሉ ብትለኪም ከቁጥሮቹ ምንም አታነቢም። ማንጎና ፓፓያ በዚያ ላይ ወፍራምና ባለቀለም ስለሆኑ የልኬቱን መድረሻ የሚያሳየው የአዮዲንና የስታርች ሰማያዊ ቀለም ሲመጣ ለዓይን አይለይም።

ስለዚህ ለውጡ ትልቅ የሆነ ነገር ምረጪ። የኔ ምክር ጥቅል ጎመን ነው። ቤታችን ውስጥ ሐበሻ ጎመን ብዙ ጊዜ ተቀቅሎ ውሃው ተጨምቆ ይደፋል፤ የጥቅል ጎመን አልጫ ግን ከነውሃው ይበላል። ቫይታሚን ሲ በውሃ የሚሟሟ ነው፣ በሙቀትና በአየርም ይበላሻል። ስለዚህ ጎመኑ ሲቀቀል የሚቀንሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ከፊሉ ይበላሻል፣ ከፊሉ ግን ምንም ሳይሆን ወደ ውሃው ይወጣል። ጥያቄሽ እንዲህ ይሁን፦ «ጥቅል ጎመን 5፣ 10 እና 20 ደቂቃ ሲቀቀል ከጎመኑ ከሚቀንሰው ቫይታሚን ሲ ውስጥ ምን ያህሉ መቀቀያው ውሃ ውስጥ ይገኛል?» ይህ በቁጥር የሚመለስ፣ ውጤቱ ወዴትም ቢሄድ ትርጉም ያለው ጥያቄ ነው። ሐበሻ ጎመንን ለዚህ አትጠቀሚ፤ አረንጓዴው ጭማቂ የቀለሙን ለውጥ ይሸፍንብሻል።

አንድ ነገር ልጨምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ እኛ ጋ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። የሌላ አገር ውጤት ከአንቺ ጋር ስታወዳድሪ ይህን ጻፊው። ቴርሞሜትር ካለ ራስሽ ለኪው፤ ቴርሞሜትሩ የድስቱን ስር እንዳይነካ ብቻ ተጠንቀቂ።

ታይትሬሽን

ከላይ በተባለው ርዕስ እስማማለሁ። አሠራሩን ልንገርሽ፣ ረዘም ይላል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዮዲን መጀመሪያ ከቫይታሚን ሲ ጋር ይዋሃዳል፤ ቫይታሚኑ ሲያልቅ የተረፈው አዮዲን ስታርቹን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ስለዚህ እስከዚያ የፈጀው አዮዲን የቫይታሚኑን መጠን ይነግርሻል።

አዮዲኑን ከመድኃኒት ቤት ታገኚዋለሽ፤ ለቁስል የሚሸጠው 10 በመቶ ፖቪዶን አዮዲን ነው፣ ብዙ ሰው ቤታዲን የሚለው። ሲገዛ ጽሑፉን አንብቢ። «ስክራብ» የሚለው ሳሙና ያለበት ነው፣ አረፋ ይሠራል፣ አይሆንም። ለጉሮሮ መጉመጥመጫ የሚሸጠውም ቀጭን ነው። 100 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለሙሉ ፕሮጀክቱ ይተርፋል። ከዚያው 500 ሚሊ ግራም የቫይታሚን ሲ ክኒን፣ መርፌ የሌላቸው 10 እና 5 ሚሊ ሊትር ሲሪንጆች ግዢ። ከሱቅ የበቆሎ ስታርችና ነጭ አቼቶ ያስፈልጉሻል። ቀዩ የወይን አቼቶ ቀለሙም ያስቸግራል፣ ከአዮዲን ጋር የሚዋሃድ ሰልፋይትም ሊኖርበት ይችላል።

ለመበጥበጫ ቀጥታ የቧንቧ ውሃ አትውሰጂ። ከለገዳዲና ከገፈርሳ የሚመጣው ውሃ በክሎሪን የታከመ ነው፤ ክሎሪኑ ከቫይታሚኑ ጥቂት ይበላል፣ ከቧንቧ የሚገባ ብረትና መዳብ ደግሞ መበላሸቱን ያፋጥናል። የመኪና ዕቃ መሸጫ የሚገኘው የባትሪ ውሃ ይሆናል፤ ግን ከጎኑ የባትሪ አሲድ ስለሚሸጥ ሻጩን ጠይቂ፣ ጽሑፉንም አንብቢ። ካልተገኘ ውሃ አፍልተሽ፣ ከድነሽ አቀዝቅዢ።

የመለኪያ ዕቃ ካጣሽ የወጥ ቤት ሚዛን ያግዝሻል። 1 ሚሊ ሊትር ውሃ 1 ግራም ነው። ባዶ ሃይላንድ ሚዛን ላይ አድርገሽ ወደ ዜሮ ከመለስሽው በኋላ 250 ግራም ውሃ ጨምሪና በማርከር አስምሪ፤ 500ውንም እንዲሁ። በዓይን ከመገመት እጅግ ይሻላል።

አዮዲኑን 10 ሚሊ ሊትር ወስደሽ 90 ሚሊ ሊትር ውሃ ጨምሪበት። ብርሃን ስለሚያደክመው ጠርሙሱን በፎይል ጠቅልዪው። ለስታርቹ 1 ግራም በትንሽ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠሽ 100 ሚሊ ሊትር የፈላ ውሃ ላይ ጨምሪና 1 ደቂቃ አማስዪ፤ በየ2 ቀኑ አዲስ ሥሪ፣ ሲያድር ይበላሻል። ክኒኑን በሁለት ማንኪያ መሃል ፍጪና 500 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አሟሚው። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ሆነ ማለት ነው። ከሥር የሚቀረው ነጭ ዝቃጭ የክኒኑ ማጣበቂያ ነውና አያስደንግጥሽ። ይህን የክኒን ውሃ ለነገ አታሳድሪ።

አሁን 1 ሚሊ ሊትር አዮዲን ከስንት ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ጋር እንደሚዋሃድ ለማወቅ መለኪያሽን መዝኚ። 5 ሚሊ ሊትር የክኒን ውሃ፣ 45 ሚሊ ሊትር ውሃና 1 ሚሊ ሊትር ስታርች ቢከር ውስጥ አድርጊ፣ ከሥሩ ነጭ ወረቀት ይኑር። አዮዲኑን በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እየጨመርሽ አወዛውዢ። መጀመሪያ ሰማያዊ ብልጭ ብሎ ይጠፋል፤ መጥፋቱ ሲዘገይ ጠብታ በጠብታ ሂጂ። ሰማያዊው ለ20 ሰከንድ ሳይጠፋ ሲቆይ አቁሚና አንብቢ። ወደ 7 ሚሊ ሊትር መፍጀት አለበት። ከ6 በታች ወይም ከ9 በላይ ከሆነ ወይ አዮዲኑ በትክክል አልተቀጠነም ወይ ክኒኑ ላይ የተጻፈው ሌላ ነው፤ ሳታጣሪ አትለፊ። ሲሪንጁ ውስጥ የአየር አረፋ ካለ ንባቡ ይሳሳታል፣ ወደ ላይ አዙረሽ አስወጪው። ይህን መመዘኛ በየሥራ ቀኑ መጀመሪያ ድገሚ፣ አዮዲኑ ከቀን ወደ ቀን ይደክማልና።

ወደ ጎመኑ። አንድ ራስ ጎመን ከ1 ኪሎ በላይ የሆነ ግዢ፣ ከጉሊትም ከእሁድ ገበያም ይሁን። የውጭውና የውስጡ ቅጠል እኩል አይደለም፣ ስለዚህ ሙሉውን በ1 ሴንቲ ሜትር ስፋት ከትፈሽ በደንብ ቀላቅይና 50 ግራም 50 ግራም አድርገሽ መዝኚ። ከተከተፈ በኋላ ማቆየት የለም፤ ቅጠሉ ሲቆረጥ ቫይታሚኑን የሚያበላሽ ኢንዛይም ይለቀቃል።

200 ሚሊ ሊትር ውሃ ድስት ውስጥ ከፈላ በኋላ 50 ግራሙን ጨምሪና ክደኚ፤ ሰዓቱ የሚቆጠረው ከዚያ ነው። ጊዜው ሲሞላ አጥልዪ። መቀቀያውን ውሃ አቀዝቅዘሽ፣ 50 ሚሊ ሊትር አቼቶ ጨምረሽ፣ ድምሩን በውሃ 250 ሚሊ ሊትር አድርሺ። ጎመኑን ደግሞ ከ50 ሚሊ ሊትር አቼቶና ከ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ጋር በጁስ መፍጫ 1 ደቂቃ ፈጭተሽ፣ እሱንም በውሃ 250 አድርሰሽ በፋሻ አጥልዪ። አቼቶው ኢንዛይሙን ያቆመዋል። በአቼቶ ፋንታ ሎሚ እንዳትጨምሪ፤ ሎሚ ራሱ ቫይታሚን ሲ ነው። ሁለቱም 250 የሚደርሱት ጎመኑ የራሱ ውሃ ስላለው ነው፤ የጨመርሽውን ውሃ ብቻ ቆጥረሽ ካሰላሽ ውጤቱ ያንሳል።

ከእያንዳንዱ 50 ሚሊ ሊትር ወስደሽ በስታርችና በአዮዲን ለኪ። ስሌቱ በምሳሌ ይህን ይመስላል። 5 ሚሊ ግራሙ ክኒን 7.2 ሚሊ ሊትር ከፈጀ፣ 1 ሚሊ ሊትር አዮዲን 0.69 ሚሊ ግራም ቫይታሚን ሲ ነው። የጥሬው ጎመን 50 ሚሊ ሊትር 5.2 ከፈጀ 3.6 ሚሊ ግራም አለበት፤ በ250ው ውስጥ 5 እጥፍ፣ ማለትም 18 ሚሊ ግራም። ይህ ከ50 ግራም የተገኘ ስለሆነ በ100 ግራም 36 ይሆናል። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር የምግብ ሠንጠረዥ ለጥሬ ጥቅል ጎመን ወደ 37 ስለሚሰጥ፣ ያንቺ 10 ወይም 90 ቢመጣ ስሌቱን እንደገና እዪው።

በመጨረሻ ባዶውን፣ ማለትም ቫይታሚን ሲ የሌለበትን ለኪ፦ 10 ሚሊ ሊትር አቼቶ፣ 40 ሚሊ ሊትር ውሃና ስታርች። አንድ ሁለት ጠብታ ላይ ሰማያዊ መሆን አለበት። የፈጀውን ከሁሉም ንባብ ቀንሺ።

የኬሚስትሪ ተማሪ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ርዕሱን ቀይሬ መምህሩ ፈቅደውልኛል። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በልምምዱ መቀቀያው ውሃ ከጥሬው ጎመን የበለጠ አዮዲን ይፈጃል፣ ሰማያዊውም ቶሎ አይመጣም። እንዴት ሊሆን ይችላል? ሌላው፣ ሦስት ንባብ 5.2፣ 5.4 እና 6.6 ቢመጣ 6.6ን ማውጣት ይቻላል?

ታይትሬሽን

ውሃው በደንብ ሳይቀዘቅዝ ነው የተለካው። ስታርችና አዮዲን የሚሰጡት ሰማያዊ በሙቀት ይጠፋል። ስለዚህ መድረሻው ላይ ከደረስሽ በኋላም ቀለሙ አይታይም፣ አንቺ ደግሞ አዮዲን መጨመሩን ትቀጥያለሽ። ቢከሩን ቀዝቃዛ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አስቀምጪና በእጅ ሲነካ የማይሞቅ ሲሆን ለኪ። ማቀዝቀዣው ጊዜም ለሁሉም ናሙና እኩል ይሁን፣ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ሦስቱን ንባብ በተመለከተ፣ ስላላማረሽ ብቻ ቁጥር አይወጣም። አራተኛ ለኪ። 5.3 አካባቢ ከመጣና 6.6 ሲለካ የሆነ ነገር ደብተርሽ ላይ ካለ፣ ለምሳሌ «አረፋ ነበረው» ወይም «አልፎ ጠቆረ» የሚል፣ ከአማካዩ አውጪውና ምክንያቱን ጻፊ። ምንም ካልተጻፈ የአራቱንም አማካይ አውጪ። ሠንጠረዡ ላይ ግን በሁለቱም መንገድ 6.6 ይታይ።

የሪፖርት አራሚ

ስለ ሪፖርቱ ማንም አላነሳም፣ ብዙ ውጤት የሚጠፋው ግን እዚያ ነው።

ዛሬውኑ አንድ ደብተር ለዚህ ብቻ መድቢ። በእስክሪብቶ ይጻፍ፤ የተሳሳተው በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ በፍሉድ አይጥፋ። ቁርጥራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ማታ መገልበጥ ቁጥር ያጣፋል። ሰዓት ስትጽፊ አንዱን መንገድ ያዢ፤ ስልኩ 9:20 ሲል እኛ 3:20 እንላለን፣ ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ሲደባለቁ የትኛው ናሙና ስንት ደቂቃ እንደቆየ ኋላ አይታወቅም። የቀኑም ነገር እንዲሁ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከሆነ እስከ መጨረሻው በዚያው።

ሪፖርቱን ከመግቢያ አትጀምሪ። መጀመሪያ የአሠራሩን ክፍል ጻፊ፣ ልኬቱ ገና ትኩስ እያለ። ሌላ ተማሪ እሱን ብቻ አንብቦ ሥራውን መድገም ከቻለ በቂ ነው። «ትንሽ ስታርች» አይባልም፣ «1 ሚሊ ሊትር» ይባላል። ደግሞ ያደረግሽው እንጂ ሊደረግ የታሰበው አይጻፍ፤ መብራት ጠፍቶ ፍጨቱ ከተቋረጠ እሱም ይጻፋል። ቀጥሎ ሠንጠረዡና ግራፉ፣ ከዚያ ማብራሪያው፣ ከዚያ መግቢያው፤ አጭር መግለጫው ገጹ መጀመሪያ ላይ ቢሆንም የሚጻፈው መጨረሻ ነው።

ግራፉ ላይ ብዙ አስቢበት። ለእያንዳንዱ ደቂቃ አንድ ዓምድ አቁሚና በሦስት ክፈዪው፦ ጎመኑ ውስጥ የቀረ፣ ውሃው ውስጥ የተገኘ፣ ያልተገኘ። ለምሳሌ ጥሬው 18 ሚሊ ግራም ሆኖ በ10 ደቂቃ ጎመኑ 9፣ ውሃው 6 ቢሰጥ፣ 50 በመቶው ቀርቷል፣ 33 በመቶው ወደ ውሃ ወጥቷል፣ 17 በመቶው አልተገኘም። እነዚህ ለማሳያ የወሰድኳቸው ቁጥሮች ናቸው። ተመልካቹ ጥያቄሽንም መልሱንም በአንድ ዓይን ያያል። ሦስቱ ድግግሞሽ የሰጡትን ትንሹንና ትልቁን በሠንጠረዥ አስቀምጪ። የ5 እና የ10 ደቂቃው ቁጥሮች እርስ በርስ ከተደራረቡ «ልዩነት አለ» ብለሽ አትደምድሚ፤ «በዚህ መለኪያ ልዩነቱ አይለይም» ብለሽ ጻፊ። ካልኩሌተር የሰጠሽን 36.1111 እንዳለ መገልበጥም ይቅር። በዚህ ሲሪንጅ 36 ከማለት አልፎ ከነጥብ በኋላ ያለውን ማወቅ አይቻልም።

የጠየቅሽውን ልመልስ፦ ከግምትሽ ውጭ የሆነ ውጤት ነጥብ አያስቀንስም፣ የተስተካከለ ቁጥር ግን ያስቀንሳል። አራሚ ደብተርና ሠንጠረዥ ሲያመሳክር ይገኛል። ጎመኑና ውሃው ሲደመሩ ከጥሬው ቢበልጡ፣ ሊሆኑ የሚችሉ ምክንያቶችን አንድ በአንድ ፈትሺ። ጥሬው ሲፈጭ አቼቶው ዘግይቶ ገብቶ ከሆነ ኢንዛይሙ ቀድሞ በልቶበታል። ጥሬ ቅጠል ደግሞ እንደ በሰለው በደንብ አይደቅም፣ ስለዚህ ከቫይታሚኑ ከፊሉ ፋሻው ላይ ይቀራል። ሌላም አለ፤ አዮዲን የሚዋሃደው ከቫይታሚን ሲ ጋር ብቻ አይደለም፣ ከተቀቀለ ጎመን የሚወጡ አንዳንድ የሰልፈር ውሁዶችም ሊፈጁት ይችላሉ። ይህን የመጨረሻውን የሥራው ገደብ በሚለው ክፍል የግድ ጻፊው፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን። እዚያው አንድ ራስ ጎመን ብቻ መለካቱንና መቼ እንደታጨደ አለመታወቁን ጨምሪ። ድምዳሜሽ ስለዚያ ጎመን እንጂ ስለ አትክልት ሁሉ አይሆንም።

መግቢያው ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ከኢንተርኔት የተገለበጠ የቫይታሚን ሲ ታሪክ አያስፈልግም፤ አንባቢው ማወቅ ያለበት በውሃ መሟሟቱን፣ በሙቀት መበላሸቱንና ከአዮዲን ጋር አንድ ለአንድ መዋሃዱን ነው። ምንጭ ለመፈለግ አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ቅርብሽ ነው። የምትጠቅሺውን ገጽ ቁጥር እዚያው ጻፊ፣ ኋላ አይገኝም።

ላብ ረዳት

ጥቂት ነገር ስለ ጊዜውና ስለ ማቅረቡ።

ጥሬውን ጨምሮ 4 ጊዜ በ3 ድግግሞሽ 12 ናሙና ነው፤ ጥሬው ውሃ ስለሌለው የሚለካው 21 ፈሳሽ ይሆናል። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ ብትለኪ 42 የአዮዲን ልኬት (ታይትሬሽን) ነው። በአንድ ቀን አያልቅም። ስትከፍዪው 5 ደቂቃውን አንድ ቀን 20ውን ሌላ ቀን አታድርጊ፤ የጎመኑ ማደር ከመቀቀሉ ጋር ይደባለቅብሻል። በእያንዳንዱ ቀን አንድ ሙሉ ድግግሞሽ፣ ማለትም ጥሬው፣ 5ቱ፣ 10ሩና 20ው አብረው ይሠሩ። ከላይ ሙሉውን ክተፊ ቢባልም፣ ሥራው በቀናት ስለሚከፈል ጎመኑን ሳትከትፊ ፍሪጅ አስቀምጪና የዕለቱን ብቻ ከመሃል እስከ ዳር ቁራጭ እየወሰድሽ ክተፊ። ልኬቱን በሁለተኛውና በሦስተኛው ሳምንት ጨርሺ፣ መድገም የሚያስፈልግ ነገር መውጣቱ አይቀርም።

ለሕትመት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤት ስትሄጂ ፋይሉን በፒዲኤፍ ያዢ። በዎርድ ከሄደ የዚያ ቤት ኮምፒውተር ፎንቱ ከሌለው ሠንጠረዡ ይፈርሳል፣ የአማርኛው ጽሑፍም ወደ ሳጥን ይቀየራል። ፍላሽ ብቻ አትመኚ፤ ለራስሽም በኢሜይል ወይም በቴሌግራም ላኪው።

ክፍል ፊት ስትቀርቢ ግራፉን አስቀድሚ። ከአድማጭ የሚመጡት ጥያቄዎች የታወቁ ናቸው፦ ለምን አቼቶ፣ ለምን ክኒን፣ 20 ሰከንድ ለምን። ለእያንዳንዱ የሁለት ዓረፍተ ነገር መልስ ይኑርሽ። በተግባር ማሳየት ከፈለግሽ ድስት ይዘሽ አትሂጂ፤ የክኒን ውሃ፣ ስታርችና አዮዲን በሲሪንጅ ይበቃል፣ 2 ደቂቃ ነው። ጠብታ ዩኒፎርም ላይ ካረፈ የክኒኑን ውሃ አፍስሺበት፣ ቡናማው ወዲያው ይጠፋል፤ ለምን እንደጠፋ ከጠየቁሽም ያው ቢከሩ ውስጥ የሆነው ውህደት ነው።